አንድ ሰው ብቻ የቀረው ጉባኤ

የቶሎ ደራሽ የሚኒባስ ባለንብረቶች ማኅበር ሥራ አመራር ኮሚቴ አስቸኳይ ስብሰባ ቃለ ጉባኤ

ቀን፦ ቅዳሜ ኅዳር 14 ቀን 2017 ዓ.ም.
ቦታ፦ አዳማ፣ ከመናኸሪያው ጀርባ ያለው የማኅበሩ ቢሮ
ሰዓት፦ ለ8፡00 ተጠርቶ 8፡50 የተጀመረ

የተገኙ አባላት፦
1. አቶ ገብረወልድ፣ ሰብሳቢ (ነዋሪነታቸው ዱከም)
2. ወ/ሮ ፈውዚያ፣ የሁለት ሚኒባስ ባለቤት
3. አቶ መርዳሳ፣ መኪናቸውን ራሳቸው የሚነዱ
4. በድሪያ፣ ጸሐፊ

ያለ ድምፅ የተገኙ፦ አቶ ዲዳ፣ የዱከም መስመር ተራ አስከባሪ። ጉዳያቸው ስለሚታይ ተጠርተው በር ላይ ቆመዋል።

ምልዓተ ጉባኤ፦ በደንቡ መሠረት ከዘጠኙ አባላት ስድስቱ መገኘት አለባቸው። ሰብሳቢው ስንት ሰው እንደቀረ ሲጠይቁ፣ አቶ ዲዳ ወደ መንገዱ አየት አድርገው “አንድ ሰው ብቻ የቀረው!” ስላሉ፣ አንዱ እስኪደርስ ስብሰባው ተጀምሯል።

አጀንዳ 1፦ የሰብሳቢውን የሥልጠና ሪፖርት ማዳመጥ

ሰብሳቢው ቢሾፍቱ በሚገኝ ሆቴል “በተለዋዋጭ ዓለም ውስጥ የንግድ አመራርና ፈጠራ” በሚል ርዕስ ለሦስት ቀን መሠልጠናቸውን ገልጸው የምስክር ወረቀታቸውን ለአባላቱ አሳይተዋል። ከዚያም ደግመው አሳይተዋል። ወ/ሮ ፈውዚያ ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ብለዋል። ሰብሳቢው ከሁለቱ የትኛው እንደተባሉ እንዲብራራላቸው ጠይቀው፣ ወ/ሮ ፈውዚያ ለጊዜው ወረቀቱን እንደሆነ አስረድተዋል። ከረጅም ውይይት በኋላ ሪፖርቱ ጸድቋል።

አጀንዳ 2፦ የዘመናዊው ሰሌዳ ሙከራ

ሰብሳቢው ከሥልጠናው እንደተመለሱ በዱከም መስመር ላይ ያሰቀሉት የኤሌክትሪክ ሰሌዳ በየሚኒባሱ ስንት ቦታ እንደቀረ ትክክለኛውን ቁጥር ያሳያል። ባለፈው ሰኞ ሥራ ሲጀምር አቶ ዲዳ ቀኑን ሙሉ ዝም እንዲሉ ታዘዋል።

የሙከራው ውጤት የሚከተለው ነው። ከጠዋቱ 12፡00 ሰዓት ላይ ሰሌዳው “9 ሰው ይቀራል” ብሎ ጻፈ። መንገደኛው አነበበ፤ አንብቦም ሌላ ሰው ገብቶ እስኪሞላ ዳር ይዞ ቆመ። ቀድሞ ገብቶ ለመጠበቅ ፈቃደኛ የሆነ አልተገኘም። 2፡00 ሰዓት ላይ አርባ የሚሆን ሰው ሰሌዳውን እያየ ሲሆን፣ ተራ የያዙት ሦስት ሚኒባሶች ባዶ ነበሩ ማለት ይቻላል። የመጀመሪያው መኪና የተነሣው 2፡25 ነው። ሰብሳቢው ይህ ኅብረተሰቡ ለቴክኖሎጂ ያለውን ከፍተኛ ፍላጎት ያሳያል ብለዋል።

ጸሐፊዋ ዱከም ፋብሪካ የምትሠራ እህቷ ሑስና በዚያ ቀን አርፍዳ ከበር እንደተመለሰች፣ ነገሩም እንዳንገበገባት ገልጻ እንዲመዘገብ ጠይቃለች። ሰብሳቢው የግል ጉዳይ አይመዘገብም ብለዋል። ተመዝግቧል።

አቶ ዲዳ አሠራራቸውን እንዲያስረዱ ተጠይቀው፣ ለሃያ ሁለት ዓመት የመጀመሪያው ሰው ከተቀመጠ ጀምሮ “ዱከም አንድ ሰው! ነመ ቶኮ!” እያሉ በአማርኛም በኦሮምኛም መጣራታቸውን ተናግረዋል። ሰብሳቢው ታዲያ ይህ ውሸት አይደለም ወይ ብለው ሲጠይቁ፣ የሚከተለውን መልስ ሰጥተዋል።

“አይደለም ጌታዬ። እስኪሞላ ድረስ ሁልጊዜም ቢያንስ አንድ ሰው ይቀራል። ደሞ ሰው እሱ ብቻ የቀረ ካልመሰለው መቼ ይሮጣል?”

አጀንዳ 3፦ የፈጠራ ሐሳቦች

አቶ መርዳሳ ሰሌዳው ምንጊዜም “1 ሰው ይቀራል” ብሎ እንዲጽፍ ሐሳብ አቅርበዋል። ሰብሳቢው ማሽንን ውሸት ማስተማር ከሥልጠናው መንፈስ ጋር እንደሚጋጭ ገልጸው ውድቅ አድርገዋል።

በምትኩ ወ/ሮ ፈውዚያ ሚኒባሱ የሞላ እንዲመስል ስምንት ቋሚ ተቀማጮች እንዲቀጠሩ ጠይቀዋል። አቶ መርዳሳ ተቀማጮቹ ሲወርዱ መኪናው መልሶ ባዶ አይሆንም ወይ ብለዋል። ወ/ሮ ፈውዚያ እንግዲያው አይውረዱ ብለዋል። አቶ መርዳሳ ካልወረዱ መንገደኛው የት ይቀመጣል ብለው ድምፃቸውን ከፍ ሲያደርጉ፣ ነፋሱ በሩን ደርግሞ አጀንዳውን ስለበተነው ወረቀት ለመልቀም ዐሥር ደቂቃ ዕረፍት ሆኗል። ከረጅም ውይይት በኋላ ተቀማጮቹ እንዲቀጠሩ፣ መውረድ አለመውረዳቸው ግን በጥናት እንዲታይ ተወስኗል።

አጀንዳ 4፦ የአቶ ዲዳ የሥራ ሁኔታ

ሰብሳቢው በማኅበሩ አዲስ ራዕይ ውስጥ ለጩኸት ቦታ እንደሌለ ጠቅሰው፣ አቶ ዲዳ ከሰኞ ጀምሮ እንዲሰናበቱና የምስጋና ወረቀት እንዲሰጣቸው ሐሳብ አቅርበዋል። አቶ ዲዳ ሦስት ልጆች እንደሚያስተምሩ፣ ከጉሮሯቸው ሌላ የሥራ መሣሪያ እንደሌላቸው ተናግረዋል።

ድምፅ ሲሰጥ ሰብሳቢውና ወ/ሮ ፈውዚያ ደግፈዋል። ጸሐፊዋ ተቃውማለች። አቶ መርዳሳ እጃቸውን አንሥተው ጆሯቸውን አክከዋል፤ ሰብሳቢው እንደ ድጋፍ ቆጥረውታል። አቶ ዲዳ እንዲሰናበቱ በሦስት ድጋፍና በአንድ ተቃውሞ ተወስኗል።

ማጠቃለያ

ቃለ ጉባኤው ለፊርማ ሲዞር ስድስት የፊርማ መስመሮች ላይ አራት ፊርማ ብቻ ተገኝቷል። ሰብሳቢው የቀረው አንድ ሰው የት ደረሰ ብለው ጠይቀዋል። ጸሐፊዋ የቀረው አንድ ሳይሆን ሁለት ሰው መሆኑን፣ ማናቸውም እንዳልመጡ፣ በደንቡ አንቀጽ 11 መሠረትም ምልዓተ ጉባኤ ሳይሟላ የተወሰነ ሁሉ እንዳልተወሰነ እንደሚቆጠር አንብባ አሰምታለች። ከመጀመሪያው ለምን እንዳልቆጠረች ስትጠየቅ፣ የተጠየቁት አቶ ዲዳ እንጂ እርሷ እንዳልነበረች መልሳለች።

ሰብሳቢው ወደ አቶ ዲዳ ዞረው ጉባኤውን ለምን እንዳሳሳቱ በቁጣ ጠይቀዋል። አቶ ዲዳም፦

“ሁለት ቀረ ብዬ ቢሆን ኖሮ ማን ይቀመጥ ነበር?”



በአንቀጽ 11 መሠረት የሪፖርቱ መጽደቅ፣ የተቀማጮቹ ቅጥርና የአቶ ዲዳ ስንብት በሙሉ ተሽረው፣ ሰሌዳው ወርዶ ሁሉም ነገር ከሥልጠናው በፊት ወደነበረበት እንዲመለስ ስምምነት ላይ ተደርሷል። ስብሰባው ከቀኑ 11፡25 ላይ ተበትኗል።

ጸሐፊዋ ቢሮውን ስትቆልፍ አቶ ዲዳ ሥራቸው ላይ ነበሩ። “ዱከም አንድ ሰው!” ሲሉ ሰብሳቢው የምስክር ወረቀታቸውን ብብታቸው ሥር ሸጉጠው ሮጠው ገቡ። መኪናው ውስጥ ከእርሳቸው ሌላ ሰው አልነበረም።