ጋሼ ታደሰን የሚተች ጠፋ

እኛ ዘንድ ሰውን ተሳስተሃል ማለት ቀላል ነው፤ ሰውየው እዚያ እስከሌለ ድረስ። ዞር ሲልልን የማናወጣለት ጉድ የለም። መጥቶ አጠገባችን ሲቆም ግን ብድግ ብለን ወንበር እንለቅለትና ስለ ጤናው እንጠይቀዋለን። ይኼ ጠባያችን አንድ ቀን ከዲፕሎማ ጋር ይጋጫል ብዬ ግን አልጠረጠርኩም። እናንተስ ብትሆኑ ትጠረጥሩ ነበር?

ጊዜው ሰርተፍኬት ብቻ ያለው አስተማሪ ሁሉ ዲፕሎማ ይያዝ የተባለበት ነው። እኔ ሰባተኛ ክፍልን ከመሀል ጥዬ፣ መናኸሪያ ተሳፋሪ ስጣራ ከርሜ፣ ባጃጅም ትንሽ ሞካክሬ፣ ሸዋ ሮቢት አንዲት ኢንተርኔት ቤት ውስጥ ቬንትሌተር ሥር ቁጭ ብዬ የርቀት ተማሪዎችን አሳይመንት እተይባለሁ። የተማሩት ይናገራሉ፣ ያልተማርኩት እጽፋለሁ።

ከደንበኞቼ አንዱ ጋሼ ታደሰ ናቸው፤ ቀወት ገጠር ውስጥ ያለች የአንዲት ትንሽ ትምህርት ቤት ርዕሰ መምህር። ዲፕሎማውን ካልያዙ፣ ትናንት ያስተማሩት ልጅ ዛሬ ወንበራቸው ላይ ሊቀመጥ ነው። ሌላዋ ሩቅያ ናት፤ እሳቸው ሥር የምታስተምር የጀውሃ ልጅ።

አንድ ጊዜ አዲስ አበባ ያለው የኮርሱ መምህር ኢንተርኔት ላይ ብሎግ ከፈተላቸው። በየሳምንቱ ከሥራችሁ የተማራችሁትን ጻፉበት፤ የጓደኛችሁን ጽሑፍ ተቹ፤ የተተቸውም መልስ ይስጥ፣ አለ። እኔ "ብሎግ" ስላቸው ጋሼ በሩን ዞር ብለው አዩና ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ።

"ፖለቲካ የለበትም አይደል?"

"ኧረ ጋሼ፣ ስለ ጥቁር ሰሌዳ ነው። ማንም ገብቶ ይጽፍበታል።"

ጻፉ። "ተማሪ የሚማረው ፍላጎት ሲያድርበት እንደሆነ ተረድቻለሁ። በእኔ ትምህርት ቤትም የዘገየ ተማሪ እስከ ዕረፍት ድረስ በሩ ላይ ተንበርክኮ በሰዓቱ የመምጣት ፍላጎት ያድርበታል።"

ከሥሩ አስተያየት ዘነበ። "ጋሼ፣ ዕድሜ ይስጥልን።" "ልጆች ደህና ናቸው? ሙቀቱስ እንዴት ይዞዎታል?" ሩቅያም "አላህ ይጨምርልዎት" ብላ አስተየበችኝ። የአዲስ አበባው መምህር ግን ሰላምታ ነጥብ የለውም አለ። ያልተተቸ ሰው የሚመልሰው የለውም፤ ያልመለሰ ደግሞ ኮርሱን አያልፍም።

አንድ ረፋድ ጋሼ ሩቅያን አስከትለው መጡ። በዚያ ሙቀት ኮታቸውን እንኳ አላወለቁም።

"ሩቅያ፣ እባክሽ ተቺኝ።"

"ወላሂ አይሆንልኝም ጋሼ። ሰኞ ሰልፍ ላይ በምን ዓይኔ ነው የማይዎት?"

"አዝዤሻለሁ እኮ።"

"ሌላ ይዘዙኝ።"

ወደ እኔ ዞሩ። "አንተ እስቲ። መቼም ይሉኝታ አልፈጠረብህም።"

"እኔ ተማሪ አይደለሁም ጋሼ።"

"ማንም ይጽፍበታል ብለኸኝ የለም እንዴ? ጻፍ።"

ልቀልድባቸው ነበር ያሰብኩት። በገዛ ስሜ የወጣው ግን ይኼ ነው፦ "ጋሼ፣ እኔም በሌላ ትምህርት ቤት በር ላይ ተንበርክኬአለሁ። የምዘገየው ቦኖ ውሃ ለመቅዳት ተሰልፌ ነበር። ለምን ዘገየህ ያለኝ ሰው የለም። ያደረብኝም ፍላጎት በዚያ በር ላለማለፍ ነው። አንድ ማክሰኞ በሩን ትቼ በአስፋልቱ ዞርኩ። እስከ ዛሬም አልተመለስኩም።"

ሩቅያ አንብባ ሻርፗን አስተካከለች። ጋሼ መነጽራቸውን ጠርገው ደግመው አነበቡ።

"የውሃው ነገር እውነትህን ነው?"

"እውነቴን ነው።"

"በል መልሴን ተይብ።"

ለእኔ የሚሰጠውን መልስ እኔው ልተይብ ተቀመጥኩ። ሁለት ጊዜ በሰላምታ ጀምረው አስጠፉኝ። በሦስተኛው "እኔም አልጠይቅም ነበር። መጠየቅ ነበረብኝ" አሉና ተነሥተው ወጡ።

ኮርሱን አለፉ፤ ወንበራቸውም ተረፈ። የአዲስ አበባው መምህር ደግሞ በእኔ ጽሑፍ ተደንቆ፣ የዚህ ጎበዝ ተማሪ መለያ ቁጥር ከመዝገብ ስለጠፋ በአስቸኳይ ይላክ ብሎ ጻፈ። የሌለኝን ከየት ላምጣለት?

ማንበርከኩ ቀረ። አሁን የዘገየ ልጅ ምክንያቱን ይናገራል፤ ጋሼም እጃቸውን ወደ ኋላ አጣምረው ስለ ቦኖው፣ ስለ ጠፋችው ጊደር፣ ስለታመመች እናት ያዳምጣሉ። ሩቅያ እንደነገረችኝ፣ ባለፈው የአንዱ ልጅ ነገር ረዘመባቸውና የአራተኛ ክፍል ሂሳብ ክፍለ ጊዜያቸው ተጋመሰ። እያለከለኩ ሲገቡ ከፊት የተቀመጠች አንዲት ልጅ እጇን አወጣች።

"ጋሼ፣ ለምን ዘገዩ?"

ቾካቸውን አስቀምጠው፣ ቆመው፣ ምክንያታቸውን አስረዱ አሉ።