የከበርንበት ቆርቆሮ

ሰው ሰውን ለመጉዳት የግድ ክፉ መሆን የለበትም። ማክበርም ይበቃል። ይህን ያወቅሁት በጋዜጠኝነት አገር ለአገር ስዞር አይደለም፤ ጋዜጠኛ ከመሆኔ በፊት በራሴ ደርሶ ነው። ክፉን ሰው በር ዘግተህ ታመልጠዋለህ። አክባሪህን በየት በኩል ታመልጠዋለህ? በሩን የሠራልህ እሱ ነው።

ነገሩ የሆነው በጃንሆይ ዘመን መጨረሻ ገደማ ነው። እኔ የወልቂጤ ልጅ ነኝ፤ ባለቤቴ ከድጃ የቡታጅራ። በተጋባን በዓመቱ፣ ከአገና ከተማ በላይ ደጋው ጫፍ ላይ አዲስ ለተከፈተ ትምህርት ቤት መምህር ሆኜ ተመደብኩ። ከድጃ ነፍሰ ጡር ነበረች። አባቷ ሲሸኙን፣ «እዚያ ብርድ ላይ ሰው ይኖራል?» ብለው ጠየቁኝ። ይኖራል አልኳቸው። ትክክለኛ መልስ ነበር። እንዴት እንደሚኖር ግን እሳቸው አልጠየቁኝም፣ እኔም አላውቅም።

የደጋው ሰው ቤት ክብ ነው፤ ትልቅ፣ ጣሪያው ሣር። ባንድ ወገን ሰው፣ በሌላው ወገን ከብት ያድራል፣ መሐል እሳት ይነዳል። ከተሜ ሲገባ አፍንጫውን ይይዛል። እኔም የመንደሩ ትልቅ ሰው አዝማች ሽኩር ቤት ምሳ የተጋበዝን ዕለት ይዤ ነበር። ባለቤታቸው እማማ ሩቅያ አይተውኝ ሳቁ። «ያዘው ልጄ፤ ክረምት ሲገባ ትለቀዋለህ። ቤት የሚሞቀው በእሳት መሰለህ? በትንፋሽ ነው» አሉኝ።

ለእኛ የተዘጋጀው ቤት ሌላ ነበር። አዲስ አበባ የሚነግዱ የመንደሩ ልጆች ተዋጥተው ቆርቆሮ ገዝተዋል። ቆርቆሮው እስከ አገና በጭነት መኪና፣ ከአገና ወዲያ በሰው ትከሻ ተጓዘ። በዚያ ሁሉ ደጋ ሌላ የቆርቆሮ ጣሪያ አልነበረም። ከሩቅ ሲያዩት ሐይቅ ይመስላል፤ ሲገቡበትም በብርዱ ሐይቅ ነው። አዝማች ሽኩር በሩን ከፍተው፣ «መምህር፣ መንግሥት የላከልንን ሰው ከላም ጋር አናሳድርም» አሉ። ደስ አለኝ። ላሚቱም ሳይከፋት አልቀረም ብዬ ቀለድኩ።

ሐምሌ ላይ ከድጃ ወንድ ልጅ ወለደች። የግድግዳው ጭቃ ገና አልደረቀም፤ ጣሪያው ቀን የሰበሰበውን ብርድ ማታ ይዘረግፍብናል። እሳት አነደድን። እሳት ደግሞ የሚያሞቀው ፊት ለፊቱን ብቻ ነው፤ ፊታችን ቆላ፣ ጀርባችን ደጋ ሆነ። ጎረቤት ቅቤውን፣ ቡላውን አጎረፈልን። ልጁ ማሳል ጀመረ። ቆይቶ ጡት መያዝ አቃተው። ወደ ወልቂጤ እንዳንወርድ ክረምቱ መንገዱን ቆርጦታል። ከድጃ ነገሩን በአጭሩ አስቀመጠችው፦ «ወይ እማማ ሩቅያ ጋ እንሄዳለን፣ ወይ ልጁ ይሞታል። ከዚህ ሌላ ወሬ አታምጣብኝ።»

ሄድን። እማማ ሩቅያ ምንም ሳይጠይቁ ከላሞቹ አጠገብ ማንጠፍ ጀመሩ። አዝማች ግን ተጨነቁ። ደግ ሰው ናቸው፤ የተጨነቁትም ለዚያ ነው። «ልጄ፣ ያ ቤት የሁሉም ነው። ሳይመከርበት ባስገባህ፣ ሽኩር መምህሩን ከቤታችን አስወጣው ይሉኛል። ላሞቼ የትም አይሄዱም፤ ነገ እንጠይቅ» አሉ። እማማ ሩቅያ፣ «ሳል ሸንጎ ይጠብቃል?» አሉ። በክብር ተሸኘን፤ አንድ ቅል ቅቤም ተጨመረልን።

በማግሥቱ ሽማግሌዎቹ በቤቶቹ ፊት በተዘረጋው ሰፊ መስክ፣ ዠፎሮ በሚሉት፣ ተቀመጡ። የዚያ አገር ሸንጎ በድምፅ ብልጫ አይወስንም፤ ሁሉም እስኪስማማ ይነጋገራል። መልካም ሥርዓት ነው፣ ብዙ ደም አስቀርቷል። ለሳል ግን አልተሠራም። አንዱ፣ «ልጆቻችን ለዐረፋ ሲመጡ፣ ቆርቆሯችን ምን ሆነ ቢሉን ምን ልንል ነው?» አለ። ሌላው፣ «ላይኛው መንደር ሰምቶ፣ መምህሩን ከላም ጋር አሳደሩት ይልና ይነጥቀናል» አለ። ከቆርቆሮው ተሸካሚዎች አንዱ ትከሻውን ገልጦ ጠባሳውን አሳየ፤ «ይህን የተሸከምኩት ለላም ነው?» ሲል ጠየቀ። ከጠባሳ ጋር ማን ይከራከራል? ተነሥቼ ስለ ቤቱ አመሰገንኩ፣ ልጁ በርዶታል አልኩ፣ ተቀመጥኩ። አንድ ሽማግሌ ከገበያ ስላልተመለሰ፣ ያለ እሱ አይሆንም ተባለና ነገሩ አደረ።

ሲነጋ ተስማሙ። ውሳኔው ብልህ ነበር፦ መምህሩ ከቤቱ አይወጣም፤ አራሷና ልጇ ግን ለጥየቃ እስከ መስከረም እማማ ሩቅያ ዘንድ ይቆያሉ። የማንም ክብር አልተነካም። አዝማች ሽኩር ሊያበስሩን ለትልቅ ሰው በማይገባ ፍጥነት መጡ። እኔ ደጃፍ ላይ ቆሜ ነበር። ልጁ ጎህ ሲቀድ ሞቷል።

ከቀብር ስንመለስ አንዱ ሊያጽናናኝ፣ «የማያድግ ልጅ ቅዝን ይበዛበታል» አለኝ። ልጁ ቅዝን አልነበረበትም። ብርድ ነበረበት። ተረት ማረም ግን የዚያን ቀን ሥራዬ አልነበረም።

አገሩ ሁሉ ሊያስተዛዝነን መጣ። የት ይቀመጥ? ቆርቆሮ ቤት እያለ፣ የመንግሥት ሰው ሐዘን በሣር ቤት እንዴት ይሆናል? ዶፍ ይጥል ስለነበር ውጭ የቀረ የለም፤ ትከሻ ለትከሻ ተጠጋግተው ሞሉት፣ በሩም ተዘጋ። ጥቂት ቆይቶ ጋቢዬን አወለቅሁ። ከገባንበት ጀምሮ ሞቆ የማያውቀው ቤት ሞቀ።

ከዚያ ከጣሪያው ጠብ፣ ጠብ ይል ጀመር። አዝማች ሽኩር ቀና ብለው አዩና፣ «ቤቱም አለቀሰ» አሉ። ሰዉ ንግግሩን እየተቀባበለ አለቀሰ። ዛሬም በዚያ በኩል ሳልፍ የሚነግረኝ አላጣም። እኔ የማውቀው የሰው ትንፋሽ ቀዝቃዛ ቆርቆሮ ሲነካ ውሃ እንደሚሆን ነው።

ከድጃ በእማማ ሩቅያ ክንድ ሥር ተቀምጣ ነበር። እጇን ዘርግታ ጋቢዬን ተቀበለችኝ፣ እንደ ሕፃን መጠቅለያ አጠፈችውና ጉልበቷ ላይ አስቀመጠችው።

«ሞቀህ?» አለችኝ።

ሞቆኛል አልኳት። ይህም ትክክለኛ መልስ ነበር።