ባትሪው ምን በደለ

እኔ ጽሑፍ ጽፌ አላውቅም፤ ዳቦ የማመላልስ ሰው ነኝ። የምነዳው ሞተር ሳይክል ከአጎቴ የወረስኩት ነው፣ ዕድሜው ከእኔ ይበልጣል። በአንድ ዓመት ሦስተኛውን ባትሪ ልገዛ ስሄድ ባለሱቁ ራሱ አዘነልኝ። ከወፍጮ ቤቱ ጀርባ ላሉት ሰውዬ ሞተሩን ሳታሳይ እንዳትገዛ አለኝ። ሰፈሩ ጋሽ ዲናሞ የሚላቸውን ሰው ያወቅኳቸው እንዲህ ነው።

እሳቸውን የመሰለ ሰው የሌለበት ሰፈር ያለ አይመስለኝም። እንዲህ ያለ ሰው የሚያውቀው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ እሱን ግን ከሠራው ሰው በላይ ያውቀዋል።

የባትሪው ቀይ መብራት አልጠፋ እንዳለኝ፣ ባትሪውም እንደሞተ ነገርኳቸው። ክቡርነታቸው ከመነጽራቸው በላይ አዩኝ።

«ባትሪው ምን በደለ?»

ለመጣው ሁሉ የሚሉት ይህንኑ ነው። ባትሪ በሳቸው ቤት ጠበቃ የሌለው ተበዳይ ነው። ኤሌክትሪክ የሚሞላው ዲናሞ ሳያበላው ይውልና በረሃብ ሲወድቅ፣ ባለቤቱ ሰነፍ ነው ብሎ ይጥለዋል።

ዲናሞዬን አውርደው ሆዱን ከፈቱት። ኤሌክትሪኩን የሚያቀብሉት ካርቦኖች አልቀው ጥፍር አክለዋል፣ የሚታከኩት መዳብም ጥላሸት ለብሷል። ልርዳ ብዬ ብርጭቆ ወረቀት ሳነሳ እጄን መታ አደረጉኝ፤ ሻካራ ነው አሉ። በመዳቡ መካከል ያሉትን ቀጫጭን ቦዮች በተሳለ የመጋዝ ስባሪ አንድ በአንድ ጠረጉ። ሦስት ሰዓት ፈጀ። በመጨረሻ ከባትሪ ኤሌክትሪክ ሰጡት። ዲናሞ ጤነኛ ከሆነ ሲሰጡት ራሱ ይዞራል ብለው ጆሯቸውን አስጠጉ። ዞረ። እሳቸው ፈገግ አሉ፣ እኔ ላብ በላብ ሆኛለሁ።

ከዚያ ወዲህ ዓመት ሆነኝ፣ አንድም ባትሪ አልገዛሁም። ችግሩም ይኸው ነው፤ እሳቸው የሠሩት ዲናሞ ተበላሽቶ አይመለስም። በቀደም ሰላም ልላቸው ገብቼ ሴት ልጃቸውን አገኘኋት።

«አባዬ፣ በሳምንት አንድ ሰው ለማይመጣበት ቤት ለምን ትለፋለህ? እስከ ወሩ መጨረሻ እንየውና ቁልፉን ለአከራዩ እንመልስ።»

ሞረዱን የያዘው እጃቸው ቆመ።

ሰኞ ዕለት የዲናሞውን ሽቦ ሆን ብዬ ፈትቼ ሄድኩ፣ ሠሩልኝ። ሐሙስ ደግሜ ፈታሁት። ያን ዕለት ጎንበስ ብለው ብሎኑን አዩ፣ ቀጥሎ እኔን አዩ። እኔ ንዝረት ሳይሆን አይቀርም አልኩ።

«ንዝረት ካቻቢቴ አይዝም፣ ልጄ» አሉ።

መሬት ብትውጠኝ ደስ ባለኝ። እሳቸው ካቻቢቴ የጫረውን ብሎን በአዲስ ቀይረው ሲያበቁ፣ በርጩማ በእግራቸው ገፋ አደረጉልኝ።

«ሁለተኛ ሞተሩን አታሳመው፣ ዝም ብለህ ና» አሉኝ። ወደ ውጭ እያዩ ደግሞ፣ «ልጅቷ መጥታ እስክታየው ግን ሞተሩ እዚያው በሩ ላይ ይቁም።»

ወሩ ሊያልቅ ዘጠኝ ቀን ቀርቶታል። እባካችሁ ሂዱላቸው። አሮጌ ሞተር ያላችሁ ይዛችሁ፣ የሌላችሁም ባዶ እጃችሁን። ከወፍጮ ቤቱ ጀርባ በሩ ላይ የቆመው ሞተር የኔ ነው። አጠገቡ ቦታ አለ።