ጋሽ ጥላዬ በካንቶንኛ ሲሸመግሉ

በየሰፈሩ ሦስት ቃል ይዞ ሠላሳ የሚናገር አንድ የቋንቋ ሊቅ አይጠፋም። የፊንስበሪ ፓርክ ሊቅ ክቡርነታቸው ጋሽ ጥላዬ ናቸው። ፓርክ ሮያል፣ ኑድል ፋብሪካ ውስጥ ከሆንግ ኮንግ ሰዎች ጋር ሲሠሩ ካንቶንኛ ለቀሙ፤ ከዚያ ወዲያ ማን ይችላቸው!

"መንገድ ለለቀቀልህ 'ም ጎይ'፣ ስጦታ ለሰጠህ 'ዶ ጄ'! ሁለቱም ምስጋና ነው፤ ግን ይህን ያደባለቀ ባለጌ ነው" ይላሉ፤ አውቶቡስ ላይ፣ ቤተክርስቲያን ደጃፍ፣ ለቅሶ ቤት ሳይቀር። "'በላህ ወይ?' ቢሉህ ሰላምታ ነው። 'ሲክ ጆ'፣ በልቻለሁ፣ በልና እለፍ።"

ጊዲዮን ይህን ስብከት እየሰማ ስላደገ፣ እሳቸውን ከሩቅ ሲያይ መንገድ ይሻገር ነበር። ምን ያደርጋል፣ የሆንግ ኮንጓን ዊኒን ወደደ! ያሳደጓት አያቷ፣ በነሱ ቋንቋ "ፖ ፖ"፣ እሺ ካላሉ ጋብቻ የለም። ሽማግሌ ይላክ ሲባል ደግሞ ከጋሽ ጥላዬ በቀር ካንቶንኛ የሚያውቅ ከየት ይምጣ?

በደንቡ ሙሽራው አብሮ አይሄድም፤ መኪናው ግን የሱ ስለሆነ ጋሽ ጥላዬንና ሌሎች ሁለት ሽማግሌዎችን እሱው ጫነ።

"ጋሼ፣ ፕሊስ፣ ብዙ እንዳያወሩ" አለ መሪውን ጨብጦ።

"አንተ ልጅ፣ እኔን ነው ንግግር የምታስተምረኝ?"

ፖ ፖ በሩን ከፍተው ለአራቱም "በላችሁ ወይ?" አሉ በቋንቋቸው። ጋሽ ጥላዬ እጅ ነስተው "ሲክ ጆ!" ሲሉ ዊኒ በደስታ ፈነጠዘች። ጉዱ የመጣው ጠረጴዛው ላይ ነው። ፖ ፖ ጠዋት ገበያ ወርደው የመረጡት ሙሉ ዓሣ፣ በዝንጅብል በስሎ እየጨሰ ቀረበ።

"የመጣንበት ጉዳይ ሳይሰማ አንቀመጥም፣ አንቀምስም!" አሉ ጋሽ ጥላዬ፣ በአማርኛ። ሁለቱ ሽማግሌዎችም ከኋላቸው ተገተሩ።

የፖ ፖ ፊት ጠቆረ። እንግዳ ያልነካው ዓሣ ለሳቸው ስድብ ነው። ጊዲዮን፣ አለቀልኝ፣ ዊኒን አጣኋት ብሎ ወደ ዊኒ ተጠጋ። በሹክሹክታ ደንቡን ነገራት።

እሷም ሳቋን እየዋጠች ተረጎመች፦ "ፖ ፖ፣ እኔን ካልሰጧቸው አይበሉም እኮ!"

አሮጊቷ ዓሣውን አዩ፤ ሽማግሌዎቹን አዩ፤ ጊዲዮንን አዩ።

"ታዲያ ቶሎ ውሰዷት እንጂ፣ ሊቀዘቅዝ ነው!"

ዊኒ ይህንንም ስትተረጉምለት ጊዲዮን በአማርኛ ሊያመሰግን አፉን ከፈተ። ያኔ የጋሽ ጥላዬ ክርን ጎኑን ወጋው፤ የስንት ዓመት ስብከት ዘሎ ወጣ፦ "ዶ ጄ፣ ፖ ፖ!"

ፖ ፖ እንባቸው እስኪመጣ ሳቁ፤ ጉንጩንም ቆነጠጡት።

"አየህ? ስጦታ ስለሆነች ነው! 'ም ጎይ' ብትል ኖሮ..." ብለው ጀመሩ ጋሽ ጥላዬ። ጊዲዮን ከዓሣው ወፈር ያለውን ቆርሶ በጣቱ ወደ አፋቸው ላከ።

"ጋሼ፣ በሞቴ!"

ጎረሱና ማኘክ ያዙ። ጊዲዮንም በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ፣ ቶሎ ውጠው ስብከታቸውን እንዲቀጥሉ ቸኮለ።