ለምርምር ብቻ የተባለው ሰማያዊ ብልቃጥ

ፊታቸውን ላቦራቶሪ ያደረጉ ሰዎች ገጥመዋችሁ ያውቃሉ? እኔን ገጥመውኛል። ከአገሬ ርቄ አሶሳ ውስጥ በላቦራቶሪ ደም ለወባ እመረምራለሁ። ጎረቤቴ እትዬ ዘነቡ፣ በደርግ ሰፈራ ከወሎ የመጡት፣ መዳብ የሚይዝ ፔፕታይድ የሚሉትን፣ የፕሮቲን ቅንጣት ያለበትን ሰማያዊ ውሃ በብልቃጥ ይዘው መጡ።

«ፊቴን ውጊኝ፤ መጨማደድ ያጠፋል አሉ።»

«እትዬ፣ ‹ለላቦራቶሪ ምርምር ብቻ› ይላል እኮ!»

«አንቺስ የላቦራቶሪ ሰው አይደለሽ? በልጅነቴ የሸኘችኝ እህቴ ለፋሲካ ወሎ ስሄድ መልኬን እንዳትስተው ብዬ ነው።»

እግዚአብሔርን ፈርቼ እምቢ አልኩ፤ አኮረፉኝ።

እህታቸው ፋሲካን ሳያዩ ዐረፉ። እትዬ ለለቅሶ ሄዱ። ለቀስተኛው ገና ሲያያቸው በድንጋጤ ጮኸ፤ መጨማደዱ ሳይቀር ቁርጥ ሟቿን ነበሩ።

ሲመለሱ ይህን ነግረውኝ ብልቃጡን እጄ ላይ አኖሩት።

«እንኳን አልወጋሽኝ፣ ልጄ። ከእንግዲህ እህቴን የማያት በመስታወት ብቻ ነው።»