ለጭራቁ የለመንኩ ዕለት

ከርኩስ ፊልሞች ሁሉ ርኩሱ ያላየነው ነው! ይህን የምለው፣ አንድም ሳላይ ሃያ ዓመት ሳወግዝ የኖርኩት እኔ ነኝ።

ዩኒቨርሲቲ የምትማረው ልጄ ሜሮን፣ ሆሊውድ ገና አፍ በፈታበት ዘመን የተሠሩ ጥቁርና ነጭ የጭራቅ ፊልሞች ትወዳለች። ቅዳሜ ጓደኞቿን ቤት ጠርታ አንዱን ልታሳያቸው ፈቃድ ጠየቀችኝ።

«እዚህ ቤት ጭራቅ አይገባም!»

«አባዬ፣ አይተኸው ታውቃለህ?»

«እሳት ማቃጠሉን ለማወቅ እጄን አልከትም።»

«ኦኬ፣ አንዱን እስከ መጨረሻ እይ። ከዛም ኖ ካልክ ካንስል አደርገዋለሁ።»

ያለ አስተማሪ፣ ከመጽሐፍ የተማርኩ ሰው ነኝ፤ ሳያነቡ የሚተቹትን ስገሥጽ ኖሬያለሁ። እምቢ ማለት አሳፈረኝና ተቀመጥኩ።

ጉዱ ግን ዕለቱ ሐሙስ ረፋድ መሆኑ ነው። የሌሊት ሺፍት የምንሠራ ምእመናን በዚያ ሰዓት በስልክ መስመር ገብተን በጋራ እንጸልያለን። ድምፄ እንዳይሰማ ስልኬን ሚዩት አድርጌ... ያደረግኩ መስሎኝ... ደረት ኪሴ ከተትኩት። አንድ ጆሮ ለጸሎቱ፣ ሁለት ዓይን ለጭራቁ። (አትፍረዱብኝ፤ እናንተም መኪና እየነዳችሁ ትጸልያላችሁ።)

ጭራቁ ጥቁር ለብሶ ሲመሽ ይወጣል፣ ሊነጋ ሲል ይገባል። ቀን ቀን ጨለማ ክፍል ውስጥ፣ ሬሳ ሣጥኑ ውስጥ ይተኛል። «ይሄማ የኔ ሺፍት ነው!» አልኩ በሆዴ። የካዚኖ ጥበቃ ነኝ፤ የምንኖርባት የዊትኒ የበረሃ ፀሐይ እንዳትገባብኝ የመኝታ ቤቴን መስኮት በፎይል የሸፈንኩ።

የመንደሩ ሰዎች በጠራራ ፀሐይ የሾለ እንጨትና መዶሻ ይዘው መጡ። ክዳኑን ከፈቱት! ባለፈው ሳምንት በሬን ደብድቦ ከእንቅልፌ የቀሰቀሰኝ የሶላር ሻጭ ትዝ አለኝ። ደሜ ፈላ። ኪሴ ውስጥ ደግሞ የጸሎቱ መሪ ጋሽ ታደሰ፣ «ያንን የጨለማ አለቃ ከተኛበት ጎትተህ አውጣው! አድቅቀው!» እያሉ ይጮኻሉ።

«ኧረ ተዉት! ሌሊቱን ሙሉ ሲለፋ አድሮ የተኛ ነው! ምን አደረጋችሁ?»

ጸሎቱ ተቋረጠ፤ ለካ ስልኬ ሚዩት አልሆነም። ካፍ ከወጣ አፋፍ...

«ወንድም ኃይሉ፣» አሉ ጋሽ ታደሰ ቀስ ብለው፣ «ለማን ነው የምትለምነው?»

ልዋሽ አሰብኩ። አልሆነልኝም።

«ለጭራቅ ነው ጋሼ... ፊልም እያየሁ ነው።»

ከዚያ አንዲት እኅት ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ «የትኛውን?» አለች።

ሜሮን ሶፋው ላይ ተንከባለለች። ሳቋን ስትጨርስ፣ «አሁን ለምን እንደምወደው ገባህ?» አለችኝ። «ጥቁር ልብስ፣ ጨለማ ክፍል፣ ከቀሰቀሱት የሚቆጣ... አባዬ፣ እኔን እኮ እንደዚህ ዓይነት ሰው ነው ያሳደገኝ።»

ልቤ ስንጥቅ አለ። ይህች ልጅ ልጅነቷን ሙሉ፣ እንዳልነቃ በጣቶቿ ጫፍ ነው የተራመደችው። እኔ ደግሞ ጨዋነት ያስተማርኳት ይመስለኝ ነበር! እናንተ የኔ ቢጤ ቆጣ ቆጣ የምትሉ አባቶች፣ ጭራቅ ከቤታችሁ ከማስወጣታችሁ በፊት ማን እንደሆነ አጣሩ።

ፈቀድኩላት። ቅዳሜ ፀሐይ ስትጠልቅ ጥቁር ዩኒፎርሜን ለብሼ፣ የጨለማውን ክፍል በር ቀስ አድርጌ ከፍቼ ወጣሁና፣ «እንደምን አመሻችሁ ልጆች፤» አልኩ።

ስድስት ልጃገረዶች ባንድ ድምፅ ጮኹ።

ፊልሙ ገና አልተከፈተም ነበር።