ደምለው ሲመጣ የሚድነው ኮምፒውተር

በደብረ ማርቆስ ኮምፒውተር የሌለበት ቤት ሞልቷል፤ ኮምፒውተር የማያውቅ ሰው ግን ተፈልጎም አይገኝም። ሳያየው ጠግኖ የጨረሰ ሁሉ አለ። የእነዚህ ሁሉ አለቃ፣ ባለ አንድ ካቻቢቴው ክቡር ደምለው ነው።

መምህርት የብርጓል አሮጌ ኮምፒውተር የገዛችው የአባቷ የመሪጌታ ገብረ ኪዳን ቅኔ አብሯቸው መቃብር እንዳይወርድ ብላ ነበር። ዓይናቸው ከጠፋ ቆይቷል። የድሮውን ይንገሩኝ ብትላቸው፣ «መምህር የዘረፈውን አይደግምም» አሉ። በስንት ልመና በየቀኑ አዲስ እየዘረፉ ሊያጽፏት ተስማሙ። ገና የመጀመሪያው ሳይጻፍ ግን ኮምፒውተሩ ድርግም ብሎ እየጠፋ፣ ራሱ እየተነሣ፣ ተመልሶ እየጠፋ አስቸገረ። ደምለው የአባቷ የቀድሞ ተማሪ ነውና ሳይጠራ መጣ።

የሚያበግነው፣ እሱ ካለ ኮምፒውተሩ ጤነኛ ነው። ሽፋኑን ገፎ ይከፍተዋል፤ የኔታ በየቀኑ ቅኔያቸውን ሲያጽፉ ቢውሉ አንዴም አይጠፋም። «እኔን ይፈራል» ይላል ደምለው፣ ብሎን እያጠበቀ። እሱ ከወጣ በኋላ የብርጓል አቧራ እንዳይገባው ብላ በእጇ የጠለፈችውን ወፍራም ሽፋን የኮምፒውተሩ ሣጥን ላይ መልሳ፣ ስክሪኑን ብቻ ገልጣ ትቀመጣለች። ሩብ ሰዓት ሳይሞላ ድርግም።

አንድ ቀን ቫይረስ ነው አለ። ሌላ ቀን የመብራት ኃይሉ ነው አለ። ደግሞ ሜሞሪውን ነቅሎ በላጲስ ፈተገውና «አምበር ከተማ አንድ ኮምፒውተር በዚሁ ነው ያዳንሁት» አለ። በመጨረሻ እንደ ሙያ ባልደረቦቹ ሁሉ ፍርዱን ሰጠ፤ «ፎርማት ነው የሚያድነው።»

«ውስጡ ያለው ይጠፋል ይላሉ» አለች።

«እኔ እያለሁ?»

ቅዳሜ ከገበያ ስትመለስ ፎርማት አድርጎት ጠበቃት። እስከዚያ ቀን ከተጻፉት ሠላሳ አንድ ቅኔዎች አንድም አልተረፈም።

የብርጓል እንዲያ ተናድዳ አታውቅም። «አንተ ሰው፣ ምን በድዬህ ነው? ቤቴን ብታቃጥለው ይሻለኝ ነበር» አለችው። አባቷን ብትለምን፣ «አልደግምም ብያለሁ» አሉ፤ ድምፃቸው ግን ተሰብሯል።

ደምለው መሬት መሬት እያየ የመጀመሪያውን ቅኔ በቃሉ አወረደው። ሁለተኛውን ቀጠለ። ብሎን ሲያጠብቅ ጆሮው የኔታ ጋ ነበርና አንድ ቃል አልጣለም። መሪጌታ ሰሙና «መድገም ለተማሪ ወጉ ነው፤ ጻፊ» አሏት። አሥራ ሰባተኛው ላይ ቆም ብሎ፣ «እዚህ ላይ የኔታ ትንሽ ተቻኩለው ነበር» አለ። ሽማግሌው እስኪያስላቸው ሳቁ። የብርጓል ግን አልሳቀችም፤ ጻፈች።

ጨርሶ ሲሄድ እንደ ልማዷ ሽፋኑን ልታለብስ ከሣጥኑ ጀርባ እጇን ብትሰድ፣ የሚያቃጥል ነፋስ መታት። ቀስ ብላ መዳፏን ወደ ቀዳዳው አስጠጋች። ለካ በገዛ እጇ ስታፍነው ኖራለች። ያን ሁሉ ስድብ አስታውሳ አፈረች፤ ሽፋኑንም አጣጥፋ የልብስ ሣጥን ውስጥ ከተተችው።

ከዚያ ወዲያ ኮምፒውተሩ አንዴም አልጠፋም።

«ያ ልጅ» አሉ አባቷ በማግስቱ፣ «ሦስት ዓመት ከእግሬ ሥር ተቀምጧል። የድሮ ቅኔዬንም ሁሉ ሳይዘው አይቀርም።»

የብርጓል በደህና የሚሠራውን ኮምፒውተር አየት አደረገችና ወደ ደምለው ደወለች።

«ዛሬም እምቢ ብሎኛል» አለችው፤ «ቶሎ ና።»